ለጭስ ዋስ የሆንኩበት ክረምት

ሰው ለበሬ ዋስ ይሆናል፣ ለእስረኛ ዋስ ይሆናል፣ ለሠርግ ዕቃ ዋስ ይሆናል። እኔ ሞኟ ለጭስ ዋስ ሆኜ አውቃለሁ። ያውም ከሰው ቤት ለሚወጣ ጭስ። ማን ጠራሽ፣ ማን ለመነሽ ብትሉኝ ማንም። አፌ ነው። እግዜር ሲሠራኝ ከአፌ ሳይጀምር አልቀረም፤ ሌላው አካሌ ተሠርቶ እስኪያልቅ እሱ ሲለፈልፍ ቆየ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው፣ እሷም «እምዬ፣ ቀስ በይ እንጂ» እያለች ትቆጣኛለች። ቀስ ማለት ባውቅ ኖሮማ ዋስ መች እሆን ነበር።

ባለፈው የገበያ ቀን መሐል ሜዳ መናኸሪያው ጎን ተቀምጬ ነበር። ዓይኔን ለመታየት ሄጄ ጠብታ ጨምረውልኛል፤ የልጅ ልጄ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳ፣ እኔ ከጫማ ሰፊው ላስቲክ ሥር ተጠልዬ ሰው እያየሁ። ሰው ማየት አይሰለቸኝም። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ ቆመና ከአናቱ ላይ ፍራሽ ወረደ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን ወረደ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር ወረደ፣ መጨረሻ ላይ አበባ የተተከለበት ባልዲ ወረደ። አበባ ተሸክሞ መንዝ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ብቅ አለች። ሱሪዋ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል፤ ድሃ መስላኝ አንጀቴን በላችው፤ ኋላ የልጅ ልጄ «ሲገዛም እንደዚያው ነው» ብላ አሳቀችኝ። ባሏ ዕቃ ይቆጥራል፣ እሷ ስልኳን ወደ ሰማይ ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ቀጥላ ወደ እኔ መጣችና «እማማ፣ እዚህ አካባቢ ከሰል የት ነው የሚሸጡት?» አለችኝ።

«ልትኖሩ ነው የመጣችሁት?» አልኳት።

«አዎ። የቤት ኪራይ አስመረረን። የባለቤቴ አያት ቤት ዘመሮ ከተማ ባዶውን ቁጭ ብሏል።»

«ኩበት ታውቂያለሽ?»

«ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።»

«ቪዲዮው ይሞቃል?»

ሳቀች፤ ጎንበስ ስትልም ሳሙናዋ ሸተተኝ። ያ የከተማ ሳሙና፣ ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ቤት የሚገባው። ጠብታው ዓይኔን አደብዝዞት ነበርና በዚያ ብዥታ ውስጥ ልጅቱ ልጅቱን መሆን ተወች፤ ሱሪዋ ሰማያዊ ጉርድ ሆነ፣ ስልኳ ቀይ ጃንጥላ ሆነ፣ መናኸሪያውም ከነጫጫታው ጉም ዋጠው። ሰብለ ከፊቴ ቆማለች። ሰላሳ ዓመት ይሆነው ይሆን? እኔ ዓመት አልቆጥርም፤ ቁጥሩን ለሚያውቁት ትቻለሁ።

ሰብለ የይልማ ሚስት ናት። ይልማ ደግሞ የጎረቤታችን የአያ ደምሴ ልጅ። ቤታችን ቀየት ከምትባለው መንደር ወጣ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል ነው። ይልማ ጢሙ ሳይወጣ አዲስ አበባ ገባ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ፣ ለአባቱ ካፖርት ይልካል፣ ለዘመን መለወጫ ስኳር ይልካል፣ እኛም ልጅ ማለት እንዲህ ነው እያልን ልጆቻችንን እንገላምጣለን። ኋላ ፋብሪካው ሰው ቀነሰ። ተሸጠ ያሉም አሉ፣ ተዘጋ ያሉም አሉ፤ የከተማ ወሬ እዚህ ተራራ ላይ እስኪወጣ እግሩ ይሰበራል። ያን ጊዜ ሙክት በግ መቶ ብር ካወጣ ገበያው ዞሮ ያየዋል። ላስቲክ ጫማ ስድስት ብር ነበር፤ ጥቁሩ ማለቴ ነው፣ ነጩ የሙሽራ ስለሆነ ይወደዳል። በጭነት መኪና ጀርባ፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ደብረ ብርሃን ለመድረስ አሥር ብር የጠየቀ ሹፌር ሌባ ይባላል። ይልማና ሰብለ ከእንደዚያ ያለው መኪና ላይ ነው የወረዱት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሰማዩ መቆጣት ሲጀምር። እሷ ተረከዙ ጣት የሚያህል ጥቁር ጫማ፣ ሰማያዊ ጉርድ፣ ከላይ የባሏን ኮት ደርባ፣ ጠጉሯን ተተኩሳ፣ በአንድ እጇ ቀይ ጃንጥላ፣ በብብቷ በፎጣ የተጠቀለለ ሬድዮ። መንገዱ ጭቃ ነውና ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ አንዱ ጫማ ይቀራል፣ ተመልሳ ትነቅለዋለች። አገሩ በሙሉ በየካቡ ላይ ቆሞ ያያል። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ሆዴን ይዣለሁ።

አጠገቤ ዘነቡ ነበረች። ዘነቡ ማለት የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፣ ዛሬም አለች፣ ዛሬም ያው ናት። እኔ እቀልዳለሁ፣ እሷ አትቀልድም፤ ያየችውን እንዳየችው ወርውራው ታልፋለች። ሰብለን ከላይ እስከ ታች አየችና «ይቺ እስከ ሐምሌ አትደርስም» አለች።

አያ ደምሴ ከዚያ በፊት ሞቶ ነበር። ማሳውን፣ ከቤቱ በታች ያለውን ያን የገብስ ማሳ፣ የወንድሙ ልጅ ወልደየስ ያርሰዋል። ወልደየስን ክፉ አድርጌ እንዳልነግራችሁ፤ ሽማግሌውን አስታሞ የቀበረው፣ ተዝካሩን ያወጣው፣ ማሳውን ድንጋዩን ለቅሞ ያቀናው እሱ ነው። ይልማ መጥቶ «የአባቴን» ሲለው ደም ፊቱ ላይ ወጣ። «ሲመችህ ከተማ፣ ሲከፋህ መሬት?» አለው። ቀበሌው ዘንድ ሄዱ፣ ቀበሌው ሽማግሌ ይጨርሰው አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከጥዱ ሥር ተቀመጡ። እኔን ምን ወሰደኝ? ጠላ። ለሽማግሌዎቹ ጠላ አድርሼ መመለስ ነበረብኝ። አድርሼ አልተመለስኩም።

እንግዲህ ከይልማ በፊትም ከከተማ የመጡ ነበሩ። በበጋ ይመጣሉ፣ ፀሐዩ ደስ ይላቸዋል፣ እርጎው ደስ ይላቸዋል፣ መሬት ይጠይቃሉ፣ ያገኛሉ፤ ሐምሌ ገብቶ ውርጩና ጉሙ አጥንታቸው ውስጥ ሲገባ አንድ ማለዳ በራቸውን ዘግተው ይጠፋሉ። ማሳው ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መከሩ መከሩና አባ ተክሌ፣ ቄሱ፣ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ከሰኔ ሚካኤል እስከ ቅዱስ ዮሐንስ በይልማ ቤት ማለዳ ማለዳ ጭስ ይውጣ። ሳይቋረጥ ከከረመ ወልደየስ የዘራውን አጭዶ ማሳውን ይልቀቅ። አንድ ማለዳ ጭስ ከጠፋ ግን ቤቱ ወና ነው፣ ማሳው ላረሰው ይጽና። ይልማ፣ ዋስ ጥራ።»

ይልማ ዙሪያውን አየ። ሰዉ መሬት መሬት ያያል። ማን ከወልደየስ ይጣላ? ደግሞስ ማን ለዚያች ተረከዛም ዋስ ይሁን? ሰብለ ከጥዱ ወዲያ ለብቻዋ ቆማ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ በጫፉ መሬት ትጭራለች። ወልደየስ ዝምታው ደስ አለውና «ይቺ ሴት ነሐሴን እዚህ ከጨረሰች እኔ ቀሚስ ለብሼ ገበያ እወጣለሁ» አለ።

«ቀሚሱን እኔ አውስሃለሁ፤ ዋሱም እኔ ነኝ» አለ አፌ።

ሽማግሌዎቹ ተንከተከቱ። አንዱ «ሴት ዋስ ትሆናለች እንዴ?» ሲል ሌላው «ምላሷ ብቻ ለሁለት ዋስ ይበቃል» አለ። አባ ተክሌ ሳይስቁ «ምን ታሲዢያለሽ?» አሉኝ። ባናዬን አስያዝኩ። ባና ማለት እኛ ሀገር ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈትዬው ገና ከሸማኔ ቤት መውጣቱ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት ስገባ ሰምቶ ጠበቀኝ። አልጮኸም። «ባናውን ያስያዝሽው አንቺ፣ የሚበርደው እኔን» ብሎ ዞሮ ተኛ።

አሁን ስለ ኩበት ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ምኑም አይገባችሁም። የእኛ ደጋ እንጨት የለውም። ያን ጊዜማ ባሕር ዛፍ እንኳ በጣት ይቆጠር ነበር። የምናነደው ኩበት ነው፤ በበጋ እበቱን ከገለባ ጋር ለውሰን እንጠፈጥፋለን፣ በፀሐይ እናደርቃለን፣ ከምረን ጓሳ ሣር እናለብሰዋለን። ያ ክምር የክረምቱ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ ቢጠፈጥፉት አይደርቅም፤ ስለዚህ ያለው ያው ነው። እሳቱንም ምሽት ላይ አመድ አልብሰን እናዳፍነዋለን፣ ጠዋት ፍሙን ገላልጠን አንድ ኩበት እናስጠጋለን፣ በቃ። ለሰብለ ከየቤቱ አዋጥተን ቁመቷን የሚያህል ክምር ከምረንላት ነበር። እሷ ግን የምታውቀው ከሰል ነው። እሳቱ የጠፋ እንደሆነ ብላ ስለምትፈራ ቀኑን ሙሉ ትማግዳለች። ውኃ አፍልታ በየቀኑ ገላዋን ትታጠባለች፤ በየቀኑ። ከቤቷ የሚወጣው ጭስ የድግስ ቤት ይመስላል። ዋሷ ነኝና ሄጄ «ልጄ፣ እሳት ይዳፈናል እኮ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ግጥም ገጠምኩባት። ሴቶች ተሰብስበን ጠጉር ስንፈትል፦

«ተረከዝ ተጫምታ መጣች ካዲሳባ፣
የክረምቱ ኩበት በሰኔ እሳት ገባ።»

ሴቶቹ እየተቀባበሉ ይሉታል፣ እንዝርቱ ይሾራል፣ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቤቷ ብሄድ ክምሩ ጉልበቴ ጋር ደርሷል። የገጠምኩት እውነት ነበር፣ እኔ ግን እንደ ቀልድ ስዘፍነው ከረምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከእሷ ቤት አልጠፋም። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለኝ «ተይ፣ ገና ጥርሴ ሙሉ ነው» ብያት ነበር፤ ኋላ እትዬ ጥሩ ትለኝ ጀመር። ማዳፈን አስተማርኳት፣ እንዝርት አስያዝኳት። ክሯ አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥናል። እሷ ደግሞ ስለ ሰፈሯ ታወራኛለች። እዚያ ተወልዳ ያደገችበት ማዕዘን ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ በእግሩ መኪና የሚረግጥ ልብስ ሰፊ፣ ማዶ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዘፍን የካሴት ሱቅ፣ ከሱቁ ሥር ሎተሪ አዟሪው። ዳቦው ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት ትነግረኛለች፣ እኔም ይሸተኛል። ውጭው ጉም ነው፤ ከደጅ ሦስት ክንድ አይታይም፤ የበግ ሳል እንጂ በግ የለም፤ እኛ ሁለታችን በዚያ ነጭ ነገር መካከል ፍም ከበን ተቀምጠን እኔ የማላውቀው ከተማ ውስጥ እንዞራለን። ዓመታት አልፈው ልጄ አዲስ አበባ ወስዶኝ ነበር። ያንን ማዕዘን አሳየኝ አልኩት። መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሞበታል፣ በሩ ብቻውን ይከፈታል ይዘጋል። ቆሜ ግራ ቀኙን አሸተትኩ፤ የለም። ዳቦ ቤቱ አሁን የቀረው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ያውም መንዝ ቁጭ ብዬ ያየሁት።

ወልደየስ ደግሞ ሥራ አገኘ። ጭሱን ይጠብቃል። በጉም ውስጥ ጭስ መች ይታያል? ስለዚህ ያሸታል። ላሟን አልቦ ሲጨርስ በርኖሱን ደርቦ ይመጣል፣ ካቡ ጋ ይቆማል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ይስባል። ከዚያ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ እኛም ከውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ» እንላለን፣ ይሄዳል። ሰላምታው አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። እኔም ከራሴ ክምር እየቀነስኩ በርኖሴ ሥር ደብቄ ለሰብለ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ወልደየስ መንገድ ላይ ያዘኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ሆድሽ እንዲህ?»

«ሽንብራ በልቼ ነፋኝ።»

«ሲራመዱ የሚንኳኳ ሽንብራ ነው?»

«ደረቁን ነው የበላሁት፣ አያ» ብዬ አለፍኩ።

ነሐሴ ገባ። የእኔም ክምር ወለሉ ታየ። ይልማና ባለቤቴ ሁለት አህያ ይዘው እንጨት ሊያመጡ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወረዱ። ሦስት ቀን ብለው ሄዱ፤ ወንዙ ሞላ፣ ወዲያ ማዶ ቀሩ። አምስተኛው ቀን ማለዳ ተነስቼ ምድጃዬን ብገልጥ አመዱ ጭቃ ሆኗል። ጣራው አፍስሶ የተዳፈነው ላይ ሲንጠባጠብ አድሯል፣ የቀሩኝን ኩበቶችም አርሷቸዋል። ወደ ሰብለ ሮጥኩ። ሰብለ ከምድጃው ፊት በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ፊቷ ጥቁር፣ ዓይኗ ቀይ፣ ዙሪያዋን የክብሪት እንጨት ተበትኗል። አንድ ኩበት ቀርቷታል፣ እሱም እርጥብ። እርጥብ ኩበት በክብሪት አይያዝም፤ ፍም ይፈልጋል።

«አለቀ እትዬ ጥሩ» አለችኝ። «ሬድዮኑን እንኳ ልማግደው ነበር፣ ላስቲክ ነው።»

«ሬድዮኑን ተይው፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አልኩ። አልሳቀችም።

«የምመለስበት የለኝም» አለች። «አልጋዬን ሸጬ ነው የመጣሁት። እናቴ ሞታለች፣ ቤቷን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ከዚህ ቤት ስወጣ ወዴት እንደምዞር አላውቅም።» ድምፅዋ እንደ ወትሮዋ ነበር፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማን ዘንድ ልሂድ? ዘነቡ ለፍልሰታ ሱባኤ ገብታ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ምድጃዋ ቀዝቅዟል። ሌላው ቤት ከገደሉ ማዶ ነው፤ በዚያ ጉም ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን። ፍም ያለው ቅርብ ቤት አንድ ብቻ ነው። የወልደየስ። እሱም ላሟን አልቦ ሊጨርስ ነው። ገል አነሳሁና ሄድኩ። መንገዱ ላይ ስንት ነገር አሰብኩ፤ ምን ዓይነት ቀልድ ልናገር፣ በየት በኩል ልግባ። ደጁ ስደርስ ከቀልዱ አንድም አልቀረኝ። ወልደየስ ወተቱን አስቀምጦ ከእሳቱ ዳር ተቀምጧል።

«አያ፣ እሳት ልጭር መጣሁ።»

«ለማን?»

«ምድጃዬ ጠፋ።» ይህ ውሸት አልነበረም።

«ያንቺ ምድጃ? ያንቺ ምድጃ እኮ ከእናትሽ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም።»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ቀን ለማስታወስ አይቸግረኝም፣ ብዙ አይደሉም። ኋላ «ኩበቴን ሰጥቼ ጨረስኩ» አልኩት።

እሳቱን እያየ፣ «አጎቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከዚያ ማሳ ድንጋይ ስለቅም ጥፍሬ ወልቋል።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ አያ።»

«ልጆች አሉኝ፣ ጥሩነሽ።»

ይህንንም አውቃለሁ። ገሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ብድግ አለ፣ ፍሙን በእንጨት እየገፋ ገሉ ላይ አደረገልኝ፣ አመድ ነሰነሰበት። ወደ ደጅ ወጣና ከክምሩ ጋ ሆኖ «ላንቺ ከሆነ ሁለት ኩበት ይበቃሻል። ለሷ ከሆነ ግን ጆንያ አምጪ፣ የሠርግ ቤት ነው የምታስመስለው» አለኝ። ጆንያውን እሱ ራሱ ሞላው። ጀርባዬ ላይ ሲያሸክመኝ «ሰው ከጠየቀሽ ሽንብራ ነው በይ» አለ።

ሰብለ ፍሙን አስገብታ፣ ኩበቱ ተያይዞ፣ ጭሱ ጣራውን ለቆ ሲወጣ ወልደየስ ደረሰ። ካቡ ጋ ቆመ። እንደ ልማዱ ሳበ። «እንደምን አደራችሁ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። «ዛሬ ጭሱ የኔን ቤት ጭስ ይሸታል» አለና ሄደ። ሰብለ ያኔ አለቀሰች።

ኋላ ኋላ፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ፣ ለምን ሰጠኸኝ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «እሳት ከለከለ ከምባል ማሳ ተነጠቀ ብባል ይሻለኛል» አለኝ። እሱ አሁን በሕይወት የለም፤ ልጆቹ አሉ።

ወንዙ ጎድሎ ወንዶቹ ከነእንጨታቸው ተመለሱ። ቅዱስ ዮሐንስ አልፎ አደይ አበባው ሜዳውን ሲያለብሰው ሽማግሌዎቹ እንደገና ከጥዱ ሥር ተሰበሰቡ። ያ ማለዳ፣ ጭሱ የዘገየበት፣ እኔና ሰብለ እናውቃለን፣ እሱ ያውቃል፤ ሌላ ማንም አያውቅም። አባ ተክሌ «ወልደየስ፣ የጠበቅኸው አንተ ነህ። ጭሱ ተቋርጦ ያውቃል?» አሉት። ወልደየስ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። ማሳው ከዚያ ይታያል፤ ገብሱ አሽቷል፣ ነፋሱ ሲነካው ይተኛል ይነሳል። አየው። «በየማለዳው አሽትቻለሁ፣ አንድም ቀን አልጎደለም» አለና ተቀመጠ። እንዲህ ነው ማሳው የይልማ የሆነው። አንዱ ሽማግሌ ሊያስቀን ብሎ «ቀሚሱስ ጥሩነሽ?» ሲለኝ «አይጥ በላው» አልኩ። እሷን ጨዋታ መተው ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሰብለ ኖረች። በዓመቱ ከቤቷ በታች ባሕር ዛፍ ተከለች፣ ሁለተኛ ማገዶ አልቸገርም ብላ፤ አየንና ሁላችን ተከልን፤ ዛሬ ቀዬው ጫካ ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ከታች ያለችው ምንጭ ግን በበጋ ቀጥናለች፣ ሰዉ በሷ ያመካኛል። መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፈረችው እሷ ናት፤ መጀመሪያ ስቀንባት ነበር፣ አሁን ያለሱ ቤት የለም። ሴት ልጆቻችንን ፊደል ያስጀመረች እሷ ናት፤ ይህንን የምትጽፈዋ የልጅ ልጄ እናትም ከሷ ነው የጀመረችው። ይልማ መሬቱን አገኘ ሲባል ደግሞ ሌሎችም ከተማ ያሉ ሰሙ፤ መጡ፤ ማሳው እየተከፈለ እየተከፈለ የመቀነት ስፋት አከለ፣ የኔም ልጅ፣ የወልደየስም ልጆች፣ ጠበባቸውና በተራቸው ከተማ ገቡ። አሁን ደግሞ የእነሱ ልጆች ኪራይ አስመረረን እያሉ አበባ በባልዲ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔ መንገዱ ዳር ተቀምጬ የሚወጣውንም የሚወርደውንም አያለሁ፤ ፊቱ ይለዋወጥብኛል እንጂ ዕቃው አንድ ነው፣ ሁሉም ፍራሽ ተሸክሟል።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። የፍርዱ ቀን ባናዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ከዘነቡ ጋር ወደ ቤት እንሄዳለን። ፀሐይ ወጥቷል፣ ክረምቱ እንደ ሕልም አልፏል፣ እግሬ መሬት አልነካ ብሏል።

«በይ እንግዲህ» አልኳት፣ «ዋስነቴ አለቀ፣ ሰው ሆንኩ።»

ዘነቡ መንገዷን አላቆመችም፣ ዞራም አላየችኝ።

«ምኑ አለቀ? ሴትዮዋ አርግዛለች። ከርሞ ለሦስት ሰው ነው የምትማግጂው» አለችኝ።